ሰው ቤት እቃ ከሰበራችሁ፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ ክፍያው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጓደኛዬ ቤት ፔርሙዝ ጣልኩ። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነበር፣ ክርኔ ነካው። አነሳሁት። ውጪው ደህና ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። ማንም አላየኝም፣ እኔም ምንም አላልኩም።

የፔርሙዝ ሆድ ግን መስተዋት ነው። ውስጡ ደቅቆ ኖሯል። በማግስቱ የቤቱ ሠራተኛ ሻይ ስትቀዳ ስብርባሪ አብሮ ወጣ። "አንቺ ነሽ የሰበርሽው" ተባለች፣ ከደሞዟ ተቆረጠባት። እኔ የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። እሷ ያኔ ቤቱን ለቅቃ ሄዳለች።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሰው ቤት እቃ አበላሽቶ ዝም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። ይደነግጣል፣ ያፍራል። "ችግር የለም" ሲባል ቶሎ ያምናል። ሳምንት ያልፋል፣ ከዚያ መደወሉም ይከብዳል። ቅደም ተከተሉን ለሚያውቅ ግን ነገሩ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራ ተከተሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ኳሱ እቤት ይቅር። እንግድነታችሁ የሚያድር ከሆነ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ጠይቁ፣ ምክንያቱን ታች ታገኙታላችሁ። የምታምኑት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝና የቧንቧ ሠራተኛ ቁጥር ስልካችሁ ውስጥ ይኑር። አደጋው በደረሰ ሰዓት ባለሙያ ፍለጋ መጀመር ጊዜ ይበላል።

ደረጃ 1፦ ጉዳቱ እንዳይብስ አድርጉ

እቃ ሲወድቅ እጃችን ወዲያው ለመሰብሰብ ይሮጣል። ቆም በሉ። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎ ውሃ። እቃው ራሱ መጨረሻ ነው።

ብርጭቆ፣ መስተዋት፣ የመስተዋት ጠረጴዛ

1. ሕፃናትን ከክፍሉ አስወጡ። በባዶ እግር ያለ ሰው ካለ ባለበት ይቁም፣ ጫማ አምጡለት።
2. ትልልቁን በወፍራም ጨርቅ ያዙና ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ፌስታል ውስጥ አትክተቱ፤ ቀድዶ ቆሻሻ የሚያወጣውን ሰው ይቆርጣል።
3. ከጠረጋችሁ በኋላ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ወለሉ ላይ አግድም አብሩ። የቀረው ስብርባሪ ያብለጨልጫል።
4. የመጨረሻውን ብናኝ በእርጥብ ሶፍት አንሱ። ሶፍቱን ጣሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተሰበረው ሲኒ፣ ሳህን ወይም ጌጥ ከሆነ ባለቤቱ ሳያይ ስብርባሪውን አትጣሉ። ከሟች እናት የቀረ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰብስቡ። ሱፐር ግሉ ገዝታችሁ በችኮላ አታጣብቁ፤ ሙጫው ከተረፈና ከተዛነፈ ወደ ኋላ በደንብ ሊጠግነው የሚችል ሰው ሥራው ይበላሽበታል።

ላፕቶፕ ላይ ቡና ወይም ለስላሳ ሲደፋ

1. ቻርጀሩን ንቀሉ።
2. የማጥፊያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ። "ፋይሌን ላስቀምጥ" አትበሉ።
3. ክዳኑን ከፍታችሁ እንደ ድንኳን ገልብጡት፣ ኪቦርዱ ወደ ታች ይይ።
4. ለመሞከር አታብሩት። ብዙው ላፕቶፕ የሚሞተው ውሃው ሲገባ ሳይሆን ባለቤቱ "ይሠራ ይሆን?" ብሎ ሲከፍተው ነው።
5. በዚያው ቀን ጠጋኝ ጋ አድርሱት። የፈሰሰው ስኳር እንደነበረበት ንገሩት። ስኳር ውስጥ ደርቆ ስለሚጣበቅ ማጠብ ይጠይቃል።

ሩዝ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም። የፀጉር ማድረቂያም አታስጠጉ፤ ሙቀቱ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

ቴሌቪዥን

ከሶኬቱ ንቀሉት። የተሰነጠቀውን ስክሪን በጣት አትጫኑ፣ ስንጥቁ ይሰፋል። "ትንሽ መስመር ብቻ ናት" ብላችሁም አታቅልሉ። ከቴሌቪዥን ሁሉ ውዱ ክፍል ስክሪኑ ነው፣ እሱን መቀየር ብዙ ጊዜ ሌላ ቴሌቪዥን ለመግዛት ይጠጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ

የተሰነጠቀ ምጣድ "ዛሬን እንኳ ያድርሰን" ተብሎ አይጋገርበትም። ከሸክላው ሥር ያለው የሚግል ሽቦ 220 ቮልት ይዞ ነው። ሊጡ በስንጥቁ ከወረደ ጋጋሪዋን ይይዛታል። ንቀሉት፣ እንግዳ እየጠበቀም ቢሆን።

ውሃ

ይህቺ የፈረቃ ከተማ ጣጣ ናት። እንግዳ ቧንቧ ይከፍታል፣ ውሃ የለም፣ ሳይዘጋ ይወጣል። ሌሊት ውሃው ይመጣል። ጠዋት ሳሎኑ ኩሬ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ይንጠባጠባል።

1. ውሃው ሶኬት ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ጋ ከደረሰ ውስጡ አትግቡ። ከደረቅ ቦታ ሆናችሁ ብሬከሩን አውርዱ።
2. ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጉ። የት እንዳለ ካላወቃችሁ ባለቤቱን ቀስቅሱ። ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን።
3. ታች ያለውን ጎረቤት አንኳኩ። ቴሌቪዥኑንና አልጋውን እንዲያሸሽ አምስት ደቂቃ ብትሰጡት ግማሹን ኪሣራ ታተርፋላችሁ።

የቡና ፍም

ከማንደጃው ፍም ሲወድቅ አትርገጡት። የፕላስቲክ ምንጣፍም ሆነ ሰው ሠራሽ ስጋጃ ይቀልጣል፣ ከረገጣችሁት ይጣበቃል። በከሰል መቆንጠጫ ወይም በሁለት ማንኪያ አንሱት፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ወጥ ሶፋ ላይ

በማንኪያ አንሱት፣ አትሹት። ቅባቱ ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሱና ሃያ ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከዳር ወደ መሃል ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ሙቅ ውሃ የበርበሬውን ቀለም ያጸናዋል። በረኪና ፈጽሞ አታስነኩ፤ የወጡን ቀለም ለማስለቀቅ የሶፋውን ቀለም ታስለቅቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ ከቤቱ ሳትወጡ ተናገሩ

ሕጉ አንድ ነው፦ ጫማችሁን ከማድረጋችሁ በፊት። መንገድ ላይ ሆኖ መደወል፣ ማታ መልእክት መላክ፣ "ነገ ተረጋግቼ እነግራታለሁ" ማለት ሁሉም ዘግይቷል። በመሃል ሌላ ሰው ይጠየቃል። ብዙ ቤት ውስጥ ያ ሌላ ሰው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷ "እኔ አይደለሁም" ብትል የሚያምናት ጥቂት ነው።

ስለዚህ ስትናገሩ እሷም ትስማ። ሳሎን ሆናችሁ በግልጽ ተናገሩ፣ ጓደኛችሁን ጓዳ ወስዳችሁ አታንሾካሹኩ። ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ሊጎዳ የሚችል እቃም ይነገራል፦ የወደቀ ፔርሙዝ፣ የወደቀ ስልክ፣ የተገፋ ፍሪጅ።

ምን ትላላችሁ? ሦስት ነገር፣ በአጭሩ። ምን እንዳደረጋችሁ፣ ይቅርታ፣ አሁን ምን እንደምታደርጉ።

"ሳራ፣ ስዞር ክርኔ መታውና ቴሌቪዥኑ ወደቀ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ይቅርታ፣ እኔ ነኝ። ነቅዬዋለሁ፣ ነገ ባለሙያ አመጣለሁ።"

ቤቱ የወላጆቿ ከሆነ ለጓደኛችሁ ነግሮ መሄድ አይበቃም። እናትየው ጋ ሂዱ። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቡና ፍም ጥዬ ምንጣፍዎን አቃጥያለሁ። መጥተው ይዩልኝ።" ጓደኛችሁ "ተዪው፣ እኔ እነግራታለሁ" ብትል አትቀበሉ። ጥፋቱ በእሷ አፍ ሲነገር የእሷ ይመስላል።

የማይባሉ ቃላት አሉ። "ተሰበረ" አትበሉ፣ "ሰበርኩት" በሉ። አማርኛችን "ወደቀብኝ"፣ "አመለጠኝ" እያለ ማምለጫ በር ይከፍታል፣ አትግቡበት። "ድሮም ላልቶ ነበር" አይባልም፣ እውነት ቢሆን እንኳ ዛሬ አይባልም። "ልጅ ነው፣ ምን ታረጊዋለሽ" የሚለውም የባለቤቷ ቃል ነው፣ እሷ ካለችው መልካም። ከእናንተ አፍ ሲወጣ ግን እዳ መካድ ነው።

ሳትናገሩ ወጥታችሁ ከሆነስ? ዛሬ ደውሉ። የዘገያችሁበትን አትተርኩ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እመኑት፦ "በዚያን ቀን ፔርሙዙን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ አፍሬ ሳልናገር ወጣሁ።" ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "በዚህ ምክንያት የተቆጣችሁት ሰው አለ?" ካለ፣ ለዚያ ሰው በስሙ ይቅርታ በሉ፣ ከደሞዙ የተቆረጠ ካለም እናንተ መልሱለት። እኔ ልጅቷን አፈላልጌ ገንዘቡን በዘመዷ በኩል ላክሁላት። ስሟ በዚያ ቤት በክፉ መነሳቱን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ደረጃ 3፦ ፎቶና ቁጥር ያዙ

አስፈቅዳችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ። የጉዳቱን ቦታ፣ እቃውን በሙሉ፣ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር። የቴሌቪዥን ስፋት በኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው፣ እሱንም መዝግቡ። ለሲኒ የታችኛውን ምልክትና አበባውን፣ ለምጣድ የሸክላውን ዲያሜትር በሜትር ለክታችሁ ያዙ። ያለዚህ ገበያ ወጥታችሁ "የሚመስለውን" ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ፣ የሚመስል ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ዓይን ይወጋል።

ደረጃ 4፦ "ችግር የለም" ሲሏችሁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ባለቤቷ እንዲህ ትላለች፦ "ኧረ ተው! እቃ አይደል እንዴ! እንኳን አንተን አልቆረጠህ።" ከልቧ ነው። ይሉኝታዋም ነው። እንግዳ ደንግጦ ቆሞ እያየች "አዎ ክፈለኝ" የምትል ሴት በአገራችን የለችም። እንግዳው ይህን እንደ መጨረሻ መልስ ይወስዳል። ከሁለት ወር በኋላ ቡና ላይ ሌላ ሰው "ያ ቴሌቪዥን ምን ሆነ?" ሲላት ፊቷ ይለወጣል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

1. "ልክፈል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ያለበት ሰው ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው።
2. ቀን አስመርጡ። "አውቃለሁ፣ አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ሳልሠራው እዚህ ቤት ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት ያቅተኛል። ባለሙያውን ሐሙስ ከሰዓት ላምጣው ወይስ ቅዳሜ ጠዋት?"
3. በተባለው ቀን ኑ። "ትንሽ ተወጥሬ" የሚል ስልክ አንዴ ከተደወለ እምነቱ አለቀ።
4. ብቻዋን ስትሆን ሌላ ጊዜ እንደገና አንሱት። ሰው ፊት እምቢ ያለች ብቻዋን ስትሆን ልትቀበል ትችላለች።

ለሦስተኛ ጊዜ በተረጋጋ ድምፅ፣ ምክንያቷን ተናግራ እምቢ ካለች አምናችሁ ተቀበሉ። "በሞቴ ተወው፣ ልንቀይረው ነበር" ካለች ሊቀይሩት ነበር ማለት ነው። "እሺ፣ ስላለፍሽልኝ አመሰግናለሁ" በሉና አቁሙ። ከዚያ በላይ መለመን እሷን ማስጨነቅ ነው።

መጠኑንም እዩ። አንድ ተራ ብርጭቆ ሰብሮ ይህን ሁሉ ሥርዓት መደርደር ባለቤቷን ያሳፍራል። ጠርጋችሁ፣ ይቅርታ ብላችሁ፣ በሚቀጥለው ስትመጡ ግማሽ ደርዘን ብርጭቆ ይዛችሁ ግቡ። አለቀ።

ደረጃ 5፦ ይጠገን፣ ይተካ ወይስ በገንዘብ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2028 ላይ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራ ይክፈል ይላል። ጥፋት የሚባለው ሆን ተብሎ የተደረገው ብቻ አይደለም፣ ቸልተኝነትም ነው። ቁጥር 2091 ደግሞ ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ይህቺን "እኩል" የምትለዋን ቃል ያዙ። ያገለገለ እቃ የሰበረ ሰው የአዲስ ዋጋ ይከፍላል ማለት አይደለም። ያረጀ ነው ብሎ ነፃ ይወጣል ማለትም አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ዋጋ ሰብስቡ።

1. የጥገና ዋጋ፣ ከሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች። በወረቀት ጻፉልኝ በሏቸው።
2. በዚያው ዕድሜ ያለ ያገለገለ እቃ ዋጋ።
3. የአዲሱ ዋጋ።

ለምሳሌ ያህል፣ ጥገናው 18 ሺህ፣ ያገለገለው 15 ሺህ፣ አዲሱ 40 ሺህ ብር ቢመጣ የጉዳቱ ልክ 15 ሺህ ነው። ጥገናው 6 ሺህ ቢሆን ኖሮ አስጠግኑ።

ሕጉ እስከዚህ ነው። እኔ ግን በጓደኛሞች መካከል ትንሽ ከፍ ማለትን እመርጣለሁ። ጓደኛችሁ በዚህ ወር ቴሌቪዥን የመግዛት ሐሳብ አልነበራትም። ያገለገለ ፍለጋ መንከራተትም አልፈለገችም። በምሳሌው 15 ሺህ ብር ጥሎ ከመሄድ ይልቅ "አዲስ ልትገዢ ካሰብሽ 20 ሺህ የእኔ ነው" ማለት ጓደኝነትን ይመጥናል።

የሸክላ እቃ የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ ጀበናና አዲስ ምጣድ ከአሮጌው ጋር እኩል አይደለም። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ገዝታችሁ ስትሄዱ ጎመን ዘሩንም ያዙ፣ "አሟሽቼ ላምጣው ወይስ እራስሽ ታሟሺዋለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ሸክላው ብቻ ይቀየራል፣ ሙሉውን ለመግዛት አትሩጡ። ሽቦውን ግን ባለሙያ ይግጠመው።

ከስድስት ሲኒ አንዷን ከሰበራችሁ መጀመሪያ ዓይነቷን ፈልጉ። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ያልታሰበ ነገር ይገኛል። ካልተገኘ ሙሉ አዲስ ስብስብ ግዙ፣ የቀሩትን አምስቱን ግን "ስጪኝ" አትበሉ።

የማይተካ ነገር ሲሆን ገንዘብ በመጀመሪያ ቀን አትጥሩ። የእናቷ ማስታወሻ ተሰብሮ ብር ሲወጣ ማየት ሰው ያስቆጣል፣ ልክም ናት። ዝም ብላችሁ ስሟት። ስብርባሪው በእጇ ይግባ። ከቀናት በኋላ "የሚጠግን ሰው ልፈልግልሽ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ክፍያው

በቴሌብር ሳትነግሯት አትላኩ። በስልክ ቁጥር ብቻ ስለሚላክ ይቀላል፣ ግን ድንገት የገባ ብር "ሂሳባችን አለቀ" ይመስላል። በአካል ሂዱ፣ ወይም ለጠጋኙ በቀጥታ ክፈሉ። ለጠጋኙ መክፈል ከሁሉ ይቀላል፣ ብሩ በጓደኛሞች እጅ አያልፍም።

አንዴ መክፈል ካልቻላችሁ አትጥፉ። እውነተኛ ቁጥር ተናገሩ። "ደሞዝ በወጣ ማግስት በየወሩ 5 ሺህ፣ ለሦስት ወር።" መጠኑን አሳንሱት እንጂ ቀኑን አታሳልፉ። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ አንዲት ወረቀት ጻፉ፦ ቀን፣ እቃው፣ መጠኑ፣ ሲያልቅ "ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል"። ይህ አለመተማመን አይደለም። ሁለታችሁም በየልባችሁ የተለያየ ቁጥር እንዳትይዙ ነው።

ነገሩ ሲወሳሰብ

ያበላሸው ልጃችሁ ከሆነ። ከፋዩ እናንተ ናችሁ። ሕጉም ቁጥር 2124 ላይ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ተጠያቂ ያደርጋል። ልጁን ሰው ፊት አትምቱት፣ አትስደቡት። ያ የባለቤቷን አፍ ለመዝጋት የሚደረግ ነው፣ "ኧረ ተዉት" ብላ ስታስጥል ስለ እቃው መናገር አትችልም። ልጁ እራሱ "ይቅርታ" ይበል፣ ምትኩን ስትገዙም ይዛችሁት ውጡ።

ጓደኛችሁ ተከራይ ከሆነ። የተሰበረው በር፣ የእጅ መታጠቢያው፣ መስኮቱ የአከራይ ነው። እሷን ዘልላችሁ አከራዩ ጋ አትሂዱ። ከአከራይዋ ጋር ያላትን የምታውቀው እሷ ናት። "ላሠራውና ከዚያ ንገሪያቸው ወይስ መጀመሪያ አብረን እንንገራቸው?" ብላችሁ አስወስኗት። ቀለሙና ዓይነቱ አንድ ሆኖ ይሠራ፤ አለዚያ ስትለቅ ከእሷ ይጠየቃል።

እቃው ድሮም የተበላሸ ከሆነ። የበሰበሰ ወንበር ላይ በደንብ ተቀምጣችሁ ቢሰበር ጥፋት የላችሁም፣ ጥፋት ከሌለ እዳም የለም። ሁለታችሁም ጥፋት ካለባችሁ፣ ለምሳሌ ላፕቶፑ ኮሪደር መሃል መሬት ላይ ተትቶ ረግጣችሁት ከሆነ፣ ቁጥር 2098 ካሣው እንዲከፋፈል ይፈቅዳል። ይህን ክርክር ግን እናንተ አትጀምሩት። "እኔ ልቻል" ብላችሁ ጀምሩ። "መሬት ላይ የተውኩት እኔ ነኝ" የሚለው ቃል ከእሷ ይምጣ።

ኑሯችሁ ውጭ አገር ከሆነ። ከመክፈላችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁን እዩ። አሜሪካ ውስጥ የተከራይ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚሆን ሽፋን አለው። ጀርመን ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የሚገባ የግል ኃላፊነት ኢንሹራንስ በጣም የተለመደ ነው። ይቅርታ በሉ፣ ያደረጋችሁትንም ንገሩ። ግን ለድርጅቱ ሳታስታውቁ መጠን አትፈርሙ፣ የተሰበረውን እቃም አትጣሉ። ማየት ይፈልጋሉ።

በዋጋ ካልተስማማችሁ። ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ጥሩ። ሦስት ሽማግሌ መሰብሰብ ለአንድ ቴሌቪዥን ይበዛል። ፎቶውንና ሦስቱን ዋጋ አቅርቡለት፣ ያለውን ተቀበሉ። ሳታስቡ የሰበራችሁት እቃ የካሣ ጉዳይ ነው፣ በጥቅሉ ወንጀል የሚሆነው ሆን ብሎ ያበላሸ ሰው ድርጊት ነው። ስለዚህ "ፖሊስ እጠራለሁ" ቢባል አትደናገጡ፣ በንዴትም አትመልሱ። ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ እንዳለበት ቁጥር 2143 ላይ ተደንግጓል። ይህን የምነግራችሁ የተጎዳው ሰው እናንተ የሆናችሁ ጊዜም እንዲጠቅማችሁ ነው። ሁለት ዓመት እስኪሞላ ተደብቆ መቆየት ግን ጓደኛ አያደርገውም።

ደረጃ 7፦ ተመልሳችሁ እዩት

ከተጠገነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ግን ሌላ ካሣ የሚመስል ትልቅ ነገርም አትያዙ። ፍራፍሬ ይበቃል። ይቅርታውን እንደገና አታንሱ። እቃው መሥራቱን ብቻ ጠይቁ። የተጠገነው ቴሌቪዥን መስመር ካወጣ ጠጋኙን መልሳችሁ የምታመጡት እናንተ ናችሁ፣ እሷ አይደለችም። ምጣዱ እንጀራ እየያዘ ከሆነ ገና አልሟሸም ማለት ነው፤ ጎመን ዘር ይዛችሁ ተመለሱ።